የድመትን ጥፍር በቀዶ ሕክምና ማስወገድ፦ የአሠራሩ ስልቶችና ከዚያ በኋላ ያለው ማገገም



የዛሬው ርእሴ በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ክፍሎች ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ አይደለም። ዘወትር ከፊታችሁ የሚቆሙት በሬ፣ ፈረስ፣ አህያ፣ በግና ፍየል ናቸው፤ ድመት ብትመጣም ወይ ተነክሳ ወይ ተመርዛ ነው። ታዲያ ስለ ድመት ጥፍር ይህን ያህል ጊዜ መናገር ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ የምንማርባቸው የትንንሽ እንስሳት ቀዶ ሕክምና መጻሕፍት በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካ የተጻፉ መሆናቸው ነው፤ በእነርሱ ውስጥ ይህ ቀዶ ሕክምና ሥዕልና የመሣሪያ ዝርዝር ይዞ፣ እንደ ማኮላሸት ያለ የተለመደ ሥራ መስሎ ይገኛል። መጽሐፉ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። መሠራት ይገባዋል ወይ የሚለውን ግን አንባቢው ራሱ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው፣ ከመካከላችሁ ነገ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የሚሠራ አይጠፋም። እዚያ የምትጠየቁት ጥያቄ ነውና መልሱን ከወዲሁ ማሰብ ይበጃል።

ከስሙ ልጀምር። ትምህርታዊ መጠሪያው ኦኒኬክቶሚ ሲሆን፣ ቃሉ ከግሪክ የመጣና ጥፍርን ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው። እንግሊዝኛው የዕለት ቃል ደግሞ ጨዋና ቀላል ነው፤ ከዕቃ ላይ ስለት የመፍታት ያህል ይሰማል። በእኛ ቋንቋ ግን «ጥፍር መንቀል» ስንል ሰሚው ይሰቀጥጠዋል፤ ቃሉ የእስር ቤት ስቃይ ትዝታ ተሸክሟልና። የሚገርመው ግን የእኛም አስፈሪ ቃል ከድርጊቱ ያነሰ መሆኑ ነው። የተነቀለ ጥፍር ሥሩ ካልተጎዳ ተመልሶ ይበቅላል። ይህ ቀዶ ሕክምና የሚያስወግደው ግን ጥፍሩን ብቻ ሳይሆን ጥፍሩ የሚበቅልበትን አጥንት ጭምር ነው። በትክክል ከተሠራ በሁለቱ የፊት እግሮች ላይ አሥር አጥንቶች ይቆረጣሉ። ስለዚህ ትክክለኛ ስሙ የጣት ጫፍ ቆረጣ ነው፤ በዛሬው ንግግሬም በዚህ ስም መጥራትን እመርጣለሁ።

ይህ ለምን እንደሆነ የሚገባን የድመትን ጣት አሠራር ስናይ ነው። ድመት በፊት እግሮቿ አምስት አምስት፣ በኋላ እግሮቿ አራት አራት፣ በድምሩ አሥራ ስምንት ጥፍሮች አሏት። ሁለት አጥንት ብቻ ካለው ከፊት አውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት ሦስት ተከታታይ አጥንቶች አሉት። የመጨረሻው፣ ማለትም ሦስተኛው አጥንት፣ ትንሽና ጠማማ ነው። ጥፍሩ በዚህ አጥንት ላይ እንደ ቀፎ የተሰካ ሲሆን፣ የሚያበቅሉት ሕዋሳት የሚገኙት በአጥንቱ የላይኛ ክፍል ባለ ጠርዝ ዙሪያ ነው። የሰው ጥፍር በለስላሳ ሥጋ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ የድመትም ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ጥፍሩና አጥንቱ እንደ አንድ አካል የተያያዙ ናቸው። አንዱን ትቶ ሌላውን ለዘለቄታው ማስወገድ የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ድመት ስታርፍ ጥፍሯ የማይታየው ጡንቻዋን አጥብቃ ስለያዘችው አይደለም። ከሁለተኛው አጥንት ወደ ሦስተኛው የሚዘረጉ የሚለጠጡ ማሰሪያዎች የመጨረሻውን አጥንት ወደ ኋላ ስበው በሁለተኛው አጥንት ጎን ያሳርፉታል፤ ይህም ምንም ጉልበት አይጠይቃትም። ጥፍሯን ማውጣት ስትፈልግ ከክንዷ የሚነሳው ጡንቻ ጥልቁን አጣፊ ጅማት ይጎትታል፤ ጅማቱ በሦስተኛው አጥንት የታችኛ እብጠት ላይ የተተከለ ነውና አጥንቱ ወደ ፊትና ወደ ታች ይመዘዛል። ድመት የምትራመደው እንደ እኛ በተረከዟ ሳይሆን በጣቶቿ ላይ መሆኑንም ልብ በሉ። ቆማ ባለችበት ጊዜ ከክብደቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በፊት እግሮቿ ላይ ያርፋል። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚቃወሙ ሰዎች የሰውን አሥር ጣቶች በመጨረሻው አንጓ ላይ ከመቁረጥ ጋር ያመሳስሉታል። ንጽጽሩ ስለ አጥንቱ እውነት ነው፤ ስለ ውጤቱ ግን ይቀላል፤ እኛ በእጃችን ጣቶች ላይ ቆመን አንሄድምና።

ልማዱ የመጣው ከየት ነው? እኔ የማየው ከቤት አያያዝ መለወጥ ጋር አያይዤ ነው። በገጠራችን ድመት የጎተራ ጠባቂ ናት፤ ጥፍሯ የሥራ መሣሪያዋ ነው፤ አይጥ የማትይዝ ድመት ማን ይቀልባል? በአሜሪካም ለረጅም ዘመን ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1947 ኤድዋርድ ሎው የተባለ የሚሺጋን ሰው የተፈጨ ሸክላ አፈር ለድመት መጸዳጃ እንዲሆን መሸጥ ጀመረ። ይህ ቀላል የሚመስል ፈጠራ ድመት ዓመቱን ሙሉ ከበር ሳትወጣ እንድትኖር አመቻቸ። ከዚያ በኋላ ጥፍሯ ከአይጥ ይልቅ ከሶፋ፣ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ጋር ተገናኘ። በ1952 አንድ የቺካጎ የእንስሳት ሐኪም የአሠራሩን ዘዴ በአጭር ደብዳቤ በአገሪቱ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ አወጣ፤ በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ሥራው በአሜሪካና በካናዳ ተስፋፋ። በዚያም ዘመን የድመት ሕመም በሚገባ አይታወቅም፣ የሕመም ማስታገሻም በስስት ይሰጥ እንደነበር አንርሳ።

አሁን ወደ ስልቶቹ እንግባ። ሦስት የቆረጣ መንገዶች ሲኖሩ፣ አጥንቱን ሳይነካ ጅማቱን ብቻ የሚቆርጥ አራተኛ መንገድ አለ።

የመጀመሪያውና ጥንታዊው በጥፍር መቁረጫ የሚሠራው ነው። መሣሪያው ጥፍር የሚገባበት ቀዳዳና የሚንሸራተት ስለት ያለው መቀስ መሰል ነገር ነው። ሐኪሙ ጥፍሩን ወደ ፊት ስቦ ስለቱን ከላይ በኩል በሁለተኛውና በሦስተኛው አጥንት መጋጠሚያ ላይ፣ ከታች በኩል ግን ከጣቱ ትራስ ፊት ያሳርፈዋል፤ ከዚያም በአንድ ጭመቃ ይቆርጣል። ፈጣን ነው። ችግሩ ስለቱ ቀጥ ያለ፣ አጥንቱ ደግሞ ጠማማ መሆኑ ነው። ትራሱን ላለመቁረጥ ሲባል የአጥንቱ የታችኛ እብጠት፣ ማለትም ጅማቱ የተተከለበት ክፍል፣ በውስጥ ይቀራል። ስለቱ ጥቂት ወደ ፊት ከራቀ ደግሞ ከላይኛው ጠርዝ አብቃይ ሕዋሳት የተወሰኑት ይተርፋሉ፤ እነዚህም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የተጣመመ ጥፍር ከቆዳ በታች ያበቅላሉ። ጥፍሩ መውጫ ሲያጣ ሥጋውን ይወጋል፣ ይመረቅዛል፣ መግልም ያመነጫል።

ሁለተኛው በቀዶ ሕክምና ቢላ መጋጠሚያውን መፍታት ነው። ሐኪሙ ጠባብ ሹል ወይም መንጠቆ መሰል ምላጭ ይዞ በመጀመሪያ ከላይ ያለውን ዘርጊ ጅማት፣ ቀጥሎ የጎን ማሰሪያዎቹን፣ በመጨረሻም ጥልቁን አጣፊ ጅማት ይቆርጥና ሦስተኛውን አጥንት እብጠቱን ጨምሮ ሙሉውን ያወጣዋል። አድካሚና ጊዜ የሚወስድ ነው፤ ምላጩም ወደ ትራሱ እንዳይገባ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትራሱ ከተቆረጠ ድመቷ የምትረግጠው በጠባሳ ላይ ይሆናል። ሆኖም የአጥንት ቅሪት አለመተውን በዓይን ማረጋገጥ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። ቁስሉ በሚሟሟ ክር ወይም በቲሹ ሙጫ ይዘጋል። ሙጫው ከቆዳው ላይ ብቻ እንጂ ወደ ቁስሉ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከገባ እንደ ባዕድ ነገር ሆኖ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

ሦስተኛው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። የዚህ ጨረር የሞገድ ርዝመት 10,600 ናኖሜትር ሲሆን ውኃ አጥብቆ ይውጠዋል፤ ሕያው ሥጋ ደግሞ በአብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ጨረሩ ያረፈበትን ሥጋ እያተነነ ይቆርጣል፣ ትንንሽ የደም ሥሮችንም በዚያው ይዘጋል። አቆራረጡ ከቢላው ጋር አንድ ነው፤ መጋጠሚያው ይፈታል፣ አጥንቱም ይወጣል። ደሙ አነስተኛ በመሆኑ ደም ማቆሚያ ማሰሪያም ሆነ ፋሻ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ንጽጽራዊ ጥናቶች እንዳሳዩት በሌዘር የተሠሩ ድመቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግራቸውን የተሻለ ይጠቀማሉ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ማስታወቂያዎች የጨመሩበትን ግን መቀነስ ያስፈልጋል። ሌዘር የሚቆረጠውን አጥንት አይለውጥም። በማይለማመድ እጅ ሲያዝ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ቆዳና የሁለተኛውን አጥንት ጫፍ ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ቁስልም ከተቆረጠው ዘግይቶ ይድናል።

አራተኛው መንገድ ጥልቁን አጣፊ ጅማት ከእያንዳንዱ ጣት ሥር ከፍቶ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ቆርጦ ማውጣት ነው። ጥፍሩም አጥንቱም ይቀራሉ፤ ድመቷ ግን ጥፍሯን መምዘዝ አትችልም። የመጀመሪያው ቀን ሕመም ከቆረጣው ያነሰ በመሆኑ አንድ ጊዜ እንደ ርኅሩኅ አማራጭ ታይቶ ነበር። ነገር ግን መቧጨር ያቆመ ጥፍር የላይኛ ልባሱን አይጥልም፤ እየወፈረ ይሄዳል፣ ዙሮም ትራሱን ይወጋል። ባለቤቱ ዕድሜዋን በሙሉ በየጊዜው ሊከረክምላት ይገባል። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ በትጋት የሚከረክም ባለቤት ካለ መጀመሪያውኑ ቀዶ ሕክምናው ለምን አስፈለገ?

በሁሉም መንገዶች ድመቷ ሙሉ ማደንዘዣ ትወስዳለች። በዚያ ላይ የእግሯ ነርቮች በአካባቢ ማደንዘዣ መታገድ አለባቸው፤ በአንጓዋ ዙሪያ የራዲያል፣ የሚዲያንና የአልናር ነርቭ ቅርንጫፎች በቡፒቫኬይን ይደነዝዛሉ። የመድኃኒቱ ጠቅላላ መጠን ለድመት በኪሎ ግራም ከ2 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም፤ አራት ኪሎ በምትመዝን እንስሳ ይህ ጥቂት መጠን ማለት ነውና ሲሪንጁን ሁለት ጊዜ እዩ። ደም ማቆሚያ ማሰሪያ የሚጠቀም ሐኪም ማሰሪያውን ከክርን በታች ማሰር አለበት፤ ከክርን በላይ ከታሰረ የራዲያል ነርቭ ተጨፍልቆ ድመቷ ስትነቃ እግሯን ዘርግታ መቆም ያቅታታል።

አሁን ወደ ማገገሙ ልምጣ፤ የንግግሬ ዋና ክፍል ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አደጋ ደም መፍሰስና ፋሻው ራሱ ነው። ፋሻ ከታሰረ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈታል። በጣም ከጠበቀ ደም ወደ ጣቶቹ አይደርስም፤ ሥጋው ይሞታል። በፋሻ ምክንያት እግሯን ያጣች ድመት የታተመ ታሪክ ብቻ አይደለችም፤ የማስተማሪያ ምሳሌ ናት። ስለዚህ ማታ ሠርቶ ጠዋት ድረስ ማንም ሳያያት መተው የማይገባ ነው። ፋሻው ሲፈታ ጥቂት ደም መታየቱ የተለመደ ነው፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን እንደገና ይታሰራል።

የሕመም ማስታገሻ ጉዳይ ላይ ልቆይ። ኦፒዮይድ፣ በተለይ ቡፕረኖርፊን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተጀምሮ ለቀናት ይቀጥላል። ስቴሮይድ ያልሆኑ የብግነት መቀነሻዎች፣ ለምሳሌ ሜሎክሲካም ወይም ሮቤናኮክሲብ፣ ኩላሊቷ ጤነኛ ለሆነና ውኃ ላላጣች ድመት ይጨመራሉ፤ የሚሰጡበት ጊዜ ግን አጭር ነው። በቤታችን ሁሉ የሚገኘው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ መሆኑን እዚህ ላይ ደግሜ እናገራለሁ። የድመት ጉበት መድኃኒቱን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣምሮ የማስወገድ አቅሙ እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንዲት ፍሬ ለሞት ትበቃለች። ባለቤቱ «ትንሽ አሳዝናኝ ሰጠኋት» እንዳይል አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በጽሑፍም ስጡት።

ከዚህ የሚከብደው ሕመሙን ማየት ነው። ውሻ ያለቅሳል፣ ያነክሳል፤ ድመት ግን ታድፋለች። ከጓዳ ጥግ ገብታ ዓይኗን ጨፍና ስትተኛ ባለቤቱ «ተረጋግታለች» ይላል፤ እናንተ ግን እንዲህ እንዳትሉ። በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና በ2019 የታተመው የድመት ፊት መለኪያ ለዚህ ይረዳችኋል። አምስት ነገሮችን ያያል፦ የጆሮ አቀማመጥ፣ የዓይን መጨፈን፣ የአፍንጫና የአፍ ዙሪያ መወጠር፣ የጢም አኳኋንና ከትከሻ አንጻር የራስ አቀማመጥ። እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሁለት ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከአሥር አራት ከደረሰ ተጨማሪ ማስታገሻ ማሰብ ያስፈልጋል። መሣሪያ አይፈልግም፣ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ለማንኛውም ሕመምተኛ ድመት ስለሚያገለግል ከዚህ ንግግር ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙ።

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ባለው ሳምንት ቁስሉ ይደርቃል። በእነዚህ ቀናት የመጸዳጃ ሣጥኗ አሸዋ ወይም የሸክላ አፈር ሊኖረው አይገባም፤ ቅንጣቱ ቁስል ውስጥ ይገባልና። እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የተቀዳደደ ወረቀት ይተካዋል። ከከፍታ መዝለል ይከለከላል፣ ከሌሎች እንስሳት ትለያለች፣ ቁስሏን እንዳትልስም አንገቷ ላይ መከለያ ይደረጋል። ጤነኛ ወጣት ድመት በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ቀድሞዋ ስትሄድ ትታያለች። ስትታይ ማለቴን ልብ በሉ። ግፊትን በሚለካ ወለል ላይ እንዲራመዱ ተደርገው የተጠኑ ድመቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ12ኛው ቀን እንኳ በተቆረጠው እግራቸው ላይ የሚያሳርፉት ክብደት ወደ ቀድሞው አልተመለሰም ነበር። በዚያን ቀን ዓይን ያላየውን ወለሉ መዝግቦታል። ክብደታቸው የበዛና በዕድሜ የገፉ ድመቶች ደግሞ ከግልገሎቹ ይበልጥ ይዘገያሉ።

ስለ ዘላቂው ጉዳት ለብዙ ዓመታት የነበረው ክርክር ከማስረጃ ይልቅ በስሜት የተሞላ ነበር። በዚህ ረገድ እጅግ የተጠቀሰው ሥራ የኒኮል ማርቴል-ሞራንና የባልደረቦቿ ጥናት ነው፤ በድመት ሕክምናና ቀዶ ሕክምና መጽሔት በ2018 ወጣ። ተመራማሪዎቹ 137 ጣታቸው የተቆረጠና 137 ያልተቆረጠ ድመቶችን አነጻጸሩ። ከመጸዳጃ ውጭ የመጸዳዳት ዕድል በተቆረጡት ሰባት እጥፍ ያህል፣ የመንከስ ዕድል አራት እጥፍ ተኩል ያህል፣ የወገብ ሕመም ምልክት ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። እኔን ከዚህ ሁሉ ያሳሰበኝ የራጁ ውጤት ነው፤ ከተቆረጡት ድመቶች 63 በመቶው የሦስተኛው አጥንት ስብርባሪ በጣታቸው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ስብርባሪው ባለባቸው ችግሩ ባሰ፤ ነገር ግን በንጽሕና በተሠሩትም ላይ ከመደበኛው በላይ ነበር።

ተማሪዎች ይህን ስሰማ የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ጥናቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የተመለከተ እንጂ ድመቶችን በዕጣ የመደበ አይደለም። አስቀድሞ ጠባያቸው ያስቸገረ ድመቶች ለቆረጣው ተመርጠው ሊሆን ይችላል። ይህን ተቃውሞ እቀበላለሁ። ሆኖም የአጥንት ቅሪትን ጠባይ አያመጣውም፤ የወገብንም ሕመም እንዲሁ። የአካል ሎጂኩም ከውጤቱ ጋር ይስማማል፦ የጣቷ ጫፍ የሚያማት ድመት ክብደቷን ወደ ኋላ ትገፋለች፣ ወገቧ ይጫናል፤ መጸዳጃ ሣጥን ውስጥ ስትቆፍር ሕመም ካገኛት ለስላሳውን ምንጣፍ ትመርጣለች፤ በጥፍሯ መከላከል ስትነፈግ ጥርሷ ይቀራታል። የድመት ንክሻ ደግሞ ከጭረቷ የከፋ ነው፤ ቀጭን ጥርስ ባክቴሪያን ጥልቅ ቦታ ያስገባል። ሶፋውን ለማዳን የተደረገው ነገር ምንጣፉን ያበላሻል፣ እጅንም ያስነክሳል ማለት ነው።

ቆረጣውን የሚደግፉ ሐኪሞች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ዋና መከራከሪያቸውም በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። «እኛ ካልሠራንላቸው ድመቷን ይጥሏታል፤ በመጠለያም ትገደላለች፤ ጣት ከሕይወት አይበልጥም» ይላሉ። ይህ በቃል ክርክር የሚፈታ ሳይሆን የሚቆጠር ነገር ነው፤ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም ተቆጥሯል። እዚያ ቆረጣው በ2018 ከተከለከለ በኋላ ወደ መጠለያዎች በጠባይ ምክንያት የሚሰጡ ድመቶች ቁጥር አልጨመረም። ሁለተኛው መከራከሪያ የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎችን ይመለከታል፤ ከድመት ጭረት የሚመጣው የባርቶኔላ ኢንፌክሽን ለእነርሱ አደገኛ ነውና። ነገር ግን ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀው የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት መመሪያ ራሱ ቆረጣን አይመክርም፤ ቁንጫን መቆጣጠርና ሻካራ ጨዋታን መተው ነው የሚለው።

ሕጎቹን በአጭሩ ልለፍ። በ1987 የተዘጋጀው የአውሮፓ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ሕክምናዊ ምክንያት የሌለውን ቆረጣ ከጅራትና ከጆሮ ቆረጣ ጋር አብሮ ይከለክላል። እስራኤል በ2011 ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራትና 75,000 ሰቅል ይደርሳል። በአሜሪካ ኒው ዮርክ በ2019 የመጀመሪያዋ ከልካይ ክፍለ ሀገር ሆነች፤ ሕጓም የጅማት ቆረጣውን ይጨምራል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ በ2022፣ በቨርጂኒያ በ2024 ተከልክሏል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ከ2020 ጀምሮ ሥራውን እንዳይበረታታ ቢያደርግም ውሳኔውን ለሐኪሙ ትቶታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ውሳኔውን ለሐኪሙ መተው ማለት በተግባር ለባለቤቱ ፍላጎትና ለክሊኒኩ ገቢ መተው ነው።

ታዲያ ሶፋው የተቦጫጨቀበትን ሰው ምን እንመልስለት? ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል፤ መቧጨርም ከአመል በላይ የተፈጥሮ ግዴታዋ ነው። ያረጀውን የጥፍር ልባስ ትጥልበታለች፣ ጀርባዋን ትዘረጋበታለች፣ በጣቶቿ መካከል ካሉ ዕጢዎች ሽታዋን ትቀባበታለች። ስለዚህ መከልከል አይሆንም፤ ቦታውን መለወጥ ግን ይቻላል። ቁመቷን ሙሉ ተዘርግታ የምትደርስበት፣ ስትጎትተው የማይወድቅ ምሰሶ ያስፈልጋታል። በሲሳል ገመድ መጠቅለል ይቻላል፤ እኛ ዘንድ ሲሳሉን ቃጫ እንለዋለን፣ በጆንያ ገመድ መልክም በየገበያው አለ። ምሰሶውን ከጓዳ ሳይሆን ከተቦጨቀው ሶፋ አጠገብ አቁሙት፤ ሽታዋን የምትተወው ሰው በሚውልበት ቦታ ነውና። ጥፍሯን በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ጫፉን ብቻ፣ ሮዝ ቀለም ያለውን ሕያው ክፍል ሳይነኩ መከርከም ደግሞ አንድ ልጅ እንኳ ሊማረው የሚችል ነገር ነው። በሙጫ የሚለጠፉ የላስቲክ ሽፋኖችም አሉ፤ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ይቆያሉ። ሁሉም ድመት ግን አይቀበላቸውም።

ጣት መቁረጥ ፈጽሞ አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። መድኃኒት የማይመልሰው የአጥንት መመርቀዝ፣ የተጨፈለቀ ጣት ወይም የጥፍር ሥር ዕጢ ሲኖር የታመመው ጣት ብቻ ይቆረጣል፤ ይህ ሕክምና ነው። በዚህም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዕድሜ የገፋች ድመት አንድ ወይም ሁለት ጣቷ አብጦ፣ ጥፍሯ ተጣሞ ስትመጣ ቁስል ነው ብላችሁ ቢላ ከማንሣታችሁ በፊት የደረቷን ራጅ አንሡ። የድመት የሳንባ ካንሰር ወደ ጣት ጫፎች የመሠራጨት ልዩ ጠባይ አለው፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የሚያየው የመጀመሪያ ምልክት ሳሉ ሳይሆን ማነከሱ ነው። እንዲህ ባለችው ድመት ጣት መቁረጥ ዕድሜዋን አያረዝምላትም።

በመጨረሻ፣ ከዓመታት በፊት የተቆረጠች ድመት ብትመጣላችሁ። ከባለቤቷ ጋር ከውጭ የመጣች ልትሆን ትችላለች፤ ቅሬታው ደግሞ ስለ እግሯ ሳይሆን «ምንጣፍ ላይ ትሸናለች» ወይም «መነካት አትወድም» የሚል ይሆናል። ሽንቷን መርምሩ፤ ከዚያም ሁለቱንም የፊት እግሮች በእጃችሁ ዳስሱ። እያንዳንዱን የጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፤ የሸሸችበትን መዝግቡ። ትራሱ ላይ ጠንካራ ቁርበት፣ ቀዳዳ ወይም መግል መኖሩን እዩ፤ ጅማቱ ተኮማትሮ ጣቱ ወደ ታች ታጥፎ እንደሆነም ተመልከቱ። የእያንዳንዱን ጣት ራጅ ከጎን አንሡ። የአጥንት ስብርባሪ ወይም የተቀበረ ጥፍር ካለ በቢላ ተከፍቶ፣ የቀረው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ የተኮማተረው ጅማትም ይለቀቃል። ስብርባሪ ከሌለና ሕመሙ የነርቭ ከሆነ ጋባፔንቲን ይሞከራል፤ ባለቤቱም ከቤቱ የመጸዳጃውን አፈር ወደ ለስላሳው ይለውጣል። ከአንድ ወር በኋላ ስትመለስ ቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ምንጣፉን ነው፤ ባለቤቷ ስለ ሕመሟ ከሚነግራችሁ ይበልጥ ምንጣፉ ይነግራችኋል።

ራጆቹን በማያው ሰሌዳ ላይ አዘጋጅቻለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን በእነርሱ ላይ እንቀጥላለን።